«ስታድግ ይለቃታል» ያሉኝ አስም በ17 ዓመቷ ተመልሶ መጣ (ድሬዳዋ)

የሳቢያኗ እናት
ትናንት፣ ማታ 5:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሁፉ ይረዝማል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

ልጄ 17 ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ማትሪክ ተፈታኝ። የ5 ወር ህፃን እያለች ጉንጯና የክርኗ መታጠፊያ ላይ ችፌ ወጣባት፣ ሌሊት እያከከች በደም ታድር ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን አዘዘልኝ ቅቤ ቀቢያት፣ ምች ነው፣ ምን ያልተባልኩት አለ። ሁለት ዓመት አካባቢ እንቁላል ስሰጣት ፊቷ ተነፋፋ፣ እሱን አቆምንና ትምህርት ቤት ስትገባ ራሷ ጓደኛዋ ቤት በልታ መጣች ምንም አልሆነችም። ችፌውም ጠፋ። እፎይ ስል በ4 ዓመቷ አስሙ ጀመራት፣ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፣ ስንት ሌሊት ተሸክሜያት ባጃጅ ፍለጋ ወጥቻለሁ። እስከ 7ኛ ክፍል እንደዛ ሆነን ከዛ በቃ ለቀቃት። ፓፉን ሁሉ ጣልኩት። ሰውም «አላልንሽም? ስታድግ ይለቃታል» አለኝ።

አሁን ሁለት ዓመት ሆነው፣ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ማስነጠስ፣ አፍንጫዋን በመዳፏ ወደ ላይ ማሸት፣ ሳይነስ ነው ተባልን። ዘንድሮ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ሌሊት ታስላለች፣ ደረጃ ስትወጣ ቆም ትላለች። ባለፈው ሳምንት ሰርግ ነበረን፣ እጣኑ ከሰሉ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሲጨስ አፈናት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ድንገተኛ ገባን። አንድ ወጣት ሐኪም አየልንና «አስም ነው፣ ድሮም አልሄደም ዝም ብሎ ነበር» አለን። ሁለት ዓይነት ፓፍ ሰጣት። ሰማያዊውን ስትታፈን ትወስዳለች፣ ሌላውን የየቀኑን ግን እምቢ አለችኝ። አማቴ ደግሞ ፓፍ ሱስ ያስይዛል ትላለች።

በጣም የገረመኝ ወንድሟ። በሁለት ዓመት ይበልጣታል፣ በልጅነቱ ከሷ የባሰ አስም ነበረበት፣ አሁን ደቻቱ አሸዋው ላይ ሙሉ ቀን ኳስ ሲራገጥ ይውላል ምንም የለበትም። አንድ ማህፀን አንድ ቤት አንድ ምግብ። ምንድነው ነገሩ?

መጋላ ነኝ
አቦ እናቴ አይዞሽ። ልጅቷ ፈተና ፈርታ እንዳይሆን እንጂ 😄 የኔ እህትም ማትሪክ ሲደርስ ትታመም ነበር፣ ውጤት ሲመጣ ዳነች።

ዲሞ ፋርማሲ
መጋላ አንተ ቀልድህን ቁም፣ ሌሊት 6 ሰዓት ድንገተኛ የገባ ሰው ፈተና ፈርቶ አደለም።

እህቴ፣ እኔ ፋርማሲስት ነኝ ከ10 ዓመት በላይ እዚሁ ድሬ ሰርቻለሁ፣ የፃፍሽው ታሪክ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው የሚመስለው። ችፌ፣ ከዛ የምግብ፣ ከዛ አስም፣ ከዛ የአፍንጫ። ሐኪሞቹ «የአለርጂ ጉዞ» ይሉታል። አራት በሽታ አደለም፣ አንድ ሰውነት በየዕድሜው ቦታ እየቀየረ ሲቆጣ ነው። ሁሉም ልጅ ይሄን መንገድ በቅደም ተከተል አይሄድም፣ ብዙው ችፌ ላይ ያቆማል፣ ያንቺ ልጅ ግን ሙሉውን ሄዳዋለች። እንቁላሉን መተዋ የሚጠበቅ ነው፣ የወተትና የእንቁላል አለርጂ አብዛኛው ልጅ ሲያድግ ይተወዋል። የኦቾሎኒ ግን እንደዛ አደለም፣ ከ5 ልጅ አንዱ ገደማ ነው የሚተወው። የዓሣና የሽሪምፕ ደግሞ ጭራሽ ካደጉ በኋላም ሊጀምር ይችላል።

አሁን ወንድሟ። በልጅነት አስም ወንዶች ላይ ይበዛል፣ የትንንሽ ወንዶች የአየር ቧንቧ ከሳንባቸው አንፃር ጠበብ ያለ ስለሆነ ነው ከምክንያቶቹ አንዱ። ጉርምስና ሲመጣ ሚዛኑ ይገለበጣል። የወንዱ ቧንቧ ይሰፋል፣ የወንድ ሆርሞን ደግሞ የአለርጂውን ቁጣ ያበርደዋል ነው የሚባለው። ሴቷጋ ግን ከወር አበባ መጀመር በኋላ አዲስ የሚጀምራትም የሚመለስባትም ይበዛል። ትልልቅ ሰው ላይ ስታዪ አስም ያለባቸው ሴቶች ናቸው የሚበዙት። ወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ሳሉ ይብስባት እንደሆነ ጠይቂያት፣ አንዳንዶቹ ላይ በግልጽ ይታያል።

ወንድሟንም ግን «ድኗል» ብለሽ አትፈርሚለት። ሲጋራ ወይ ሺሻ ከጀመረ እናወራለን።

ደንገጎ ላይ ነኝ
እኛ በልጅነታችን አፈር በልተን ከፍየል ጋር አድረን ነው ያደግነው፣ አለርጂ የሚባል ቃል የሰማሁት አዲስ አበባ ስሄድ ነው። የዛሬ ልጅ በሳሙናና በዋይፕስ አሳድገውት ነው እንዲህ የሚሆነው። ሐኪም አያስፈልግም ገጠር ላኪያት።

ጁገል በር
ደንገጎ ነገርህ ግማሹ እውነት አለው ግማሹ ግን ሰው ይጎዳል።

እውነቱ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. 1989 ስትራካን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ብዙ ታላላቅ ወንድምና እህት ያላቸው ልጆች የአፍንጫ አለርጂያቸው ያንሳል ብሎ ፃፈ፣ በልጅነት ኢንፌክሽን መጋራቱ ሳይጠቅም አይቀርም ከሚል። እዚሁ አገራችንም ጅማ ላይ በ1990ዎቹ ተጠንቷል፣ ከተማው ላይ አስም ከገጠሩ ይበዛ ነበር። የመንጠቆ ትል ሆዳቸው ውስጥ ያለባቸው ሰዎች ላይ ደረት ማፏጨት እንደሚያንስም የታየው ጅማ ነው። ፈረንጆቹ ይሄን ይዘው ኖቲንግሃም ላይ አስም ያለባቸው ፈቃደኛ ሰዎችን በትሉ አስያዟቸው፣ ለአስማቸው ግን ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ማለት የህፃንነቱ ጊዜ ካለፈ በኋላ አፈር ብትበላ ትል ብታረባ አይመልስልህም። የ17 ዓመት ልጅ የታመመ ሳንባ ይዛ ገጠር ሄዳ ጭስ ቤት ውስጥ እንጀራ ስትጋግር ምን የምትሆን ይመስልሃል?

(ጤና መኮንን ነኝ፣ ሐረር። ሀሸራ (የቡና ገለባ) እየጠጣሁ ስለምፅፍ ስህተት ካለ ይቅርታ።)

ደንገጎ ላይ ነኝ
እሺ ዶክተር። እኔ የማውቀውን ነው ያልኩት።

ከዚራ ዛፍ ስር
እኔ የተገላቢጦሽ ነኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ ካደግኩ በኋላ ነው «ቆላ ይሻልሃል» ብለው ድሬ የላኩኝ፣ 14 ዓመቴ ነበር አክስቴጋ። እውነትም የብርዱ ሳል ቀረ፣ ሁለት ዓመት ንጉስ ሆንኩ። ከዛ የዚህ አገር አቧራና ያ እሾሃሙ ፕሮሶፒስ ተለማመዱኝ መሰለኝ ዓይኔ ማሳከክ አፍንጫዬ መዝጋት ጀመረ፣ 20 ስገባ አስሙ ራሱ ተመለሰ። አሁን 33 ነኝ። ቦታ መቀየር የሚሸሹትን ነገር ብቻ ነው የሚቀይረው፣ ሰውነትህን ይዘኸው ነው የምትሄደው።

ፕሮሶፒስን ያነሳሁት በዋዛ አደለም፣ ኩዌትም ህንድም ያስተከሉት አገሮች የአበባው ብናኝ አለርጂ እንደሚያስነሳ በደንብ ያውቁታል። እኛ ግን አጥር አርገን ከስሩ እንቀመጣለን።

ዲሞ ፋርማሲ
@ከዚራ ልክ ነህ። በነገራችን ላይ አፍንጫው ቀድሞ ደረቱ መከተሉ ያጋጣሚ አደለም። አፍንጫና ሳንባ አንድ መንገድ ነው፣ የአፍንጫ አለርጂ ያለበት ሰው ቆይቶ አስም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ያለ ነው። እህቴ ያቺ «ሳይነስ» የተባለችው ነገር ማስጠንቀቂያ ነበረች። እዚህ አገር የሚያስነጥስ ሁሉ ሳይነስ ነው የሚባለው፣ አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት ይሄዳል። ማሳከክ ካለ፣ ንፍጡ እንደ ውሃ ቀጭን ከሆነ፣ ተደጋግሞ የሚያስነጥስ ከሆነ አለርጂ ነው ብለሽ ጠርጥሪ።

ዳቦ ጋጋሪው
እኔ በልጅነቴ ምንም የለብኝም። በ22 ዓመቴ ዳቦ ቤት ተቀጠርኩ፣ በ24 ማስነጠስ ጀመረኝ ዱቄት ስነፋ፣ ጉንፋን ነው እያልኩ ዓመት አለፈ ከዛ ማታ ማታ ደረቴ መጨነቅ። የገረመኝ ለዒድ ሳምንት እረፍት ስንወጣ ደህና እሆናለሁ፣ ስመለስ በሁለተኛው ቀን ያው። አለቃዬ ስንፍና ነው አለኝ። ይሄ ከልጅነት ካልመጣ ከየት መጣ?

ጁገል በር
@ዳቦ ጋጋሪው ከዱቄቱ ነዋ ወንድሜ። የዳቦ ጋጋሪዎች አስም በጣም የታወቀ ነው፣ መጀመሪያ አፍንጫ ቀጥሎ ደረት፣ እረፍት ላይ ይሻላል ስራ ላይ ይብሳል። ሐኪም ስታገኝ «አስም አለብኝ» ብቻ አትበል፣ ዱቄት ላይ እንደምትሰራና በዓል ላይ እንደሚሻልህ ንገረው፣ ካልነገርከው አይጠይቅህም። ሲቆይ ስራውን ብትተውም የማይለቅ ይሆናል፣ ስለዚ ቶሎ። እስከዛ አፍንጫህን ሸፍን፣ ዱቄቱን ከላይ አታራግፈው፣ መሬቱንም በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ይሻላል።

ፈጢራ በማር
ማንጎ ስልጥ ከንፈሬና ጉንጬ ያሳክከኛል እኔስ? በልጅነቴ ግን ዛፍ ላይ ሆኜ ነበር የምበላው

ዲሞ ፋርማሲ
@ፈጢራ ልጣጩ ነው ብዙ ጊዜ። የማንጎ ልጣጭና ወተቱ ቆዳ ያስቆጣል። ሰው ይላጥልህና በሹካ ብላ። ጉሮሮህ ከተነፋ ወይ ትንፋሽ ካጠረህ ግን ጨዋታ የለም ሆስፒታል ነው።

የሳቢያኗ እናት
ዛሬ፣ ጠዋት 1:30

ወይ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እኔ ሶስት ሰው ይመልስልኛል ብዬ ነው የተኛሁት።

የወር አበባውን ጠየቅኳት፣ «እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ። ሁለት ሶስት ቀን ሲቀረው ነው የሚብሳት። ዓመት ሙሉ አንድ ቤት እየኖርን አልነገረችኝም!

ያልገባኝ ግን ሐኪሙ «አልሄደም ዝም ብሎ ነበር» ያለው ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሳይታይ የት ይቀመጣል?

ጁገል በር
እህቴ እዛችጋ ነው ነገሩ ያለው ላስረዳሽ።

አስም ማለት ማፈኑ አደለም፣ ማፈኑ የሚታየው ነው። ከስር የቧንቧው ግድግዳ ተቆጥቶ አብጦ ይኖራል፣ አመድ የለበሰ ከሰል ሲነካ እንጂ ከስሩ እሳት እንዳለ አይታወቅም። በጉርምስና ብዙ ልጅ ላይ አመዱ ይለብሳል። ይሄን ያወቁት ልጆችን እስከ ጎልማሳነት እየተከተሉ ነው። ሜልቦርን እ.ኤ.አ. በ1964 የ7 ዓመት ልጆችን መዝግበው እስከ 50 ዓመታቸው ተከታተሏቸው፤ በልጅነታቸው ቀለል ያለ የነበረባቸው አብዛኞቹ ለቀቃቸው፣ ከባድ የነበረባቸው ግን አብዛኞቹ ይዘውት አረጁ። ኒውዚላንድ ደነዲን ደግሞ በ1972 እና 73 የተወለዱትን ተከትለው 26 ዓመት ሲሞላቸው ከ4 ሰው ከአንድ በላዩ ወይ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይለቀው ኖሯል ወይ ለቆት ተመልሶበታል። እነማን ላይ ተመለሰ ካልሽ፣ በጣም ትንሽ ሆነው የጀመራቸው፣ ሴቶች፣ የአቧራ ተባይ አለርጂ ያለባቸው፣ ሲጋራ የጀመሩ። ያንቺ ልጅ ስንቱን ታሟላለች ቁጠሪ። ሐኪሙ ጠንቋይ አደለም፣ ታሪኳን ሰምቶ ነው።

ሌላ ሰው የማይነግርሽን ልጨምር። ሳንባ እስከ 20ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ያድጋል፣ ከዛ በኋላ ቀስ እያለ መቀነስ ነው። በነዚህ ዓመታት ሳይታከም የቆየ ከባድ አስም ያለባት ልጅ ጣሪያው ላይ ሳትደርስ መቀነሱ ይጀምራታል። 17 ዓመት ላይ የምትወስደው የየቀኑ ፓፍ ለዛሬ ሳል ብቻ አደለም።

ከዚራ ዛፍ ስር
ይሄን ነገር በ20 ዓመቴ የሚነግረኝ ባገኝ። እኔ ሰማያዊዋን ብቻ ይዤ ነው የኖርኩት፣ በወር አንድ እጨርስ ነበር ጀግና የሆንኩ መስሎኝ።

ዲሞ ፋርማሲ
ሰማያዊዋ ላይ ልቆጣ ነው። ሳልቡታሞል ቧንቧውን ለአራት ሰዓት ያህል ይከፍታል፣ ቁጣውን ግን አይነካውም። ደህና የሆንሽ ይመስልሻል ከስር እሳቱ ይነዳል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የዓለም የአስም መመሪያ ከ12 ዓመት በላይ ያለ ማንም ሰው በሷ ብቻ እንዳይታከም ብሏል፣ ስቴሮይድ (ቁጣውን የሚያበርደው መድሃኒት) ያለው ፓፍ አብሮ መኖር አለበት። አንድ ሰማያዊ 200 እርጭት ነው ያለው፣ በዓመት ሶስት የጨረሰ ሰው የመታፈን አደጋው ጨምሯል። በዓመት ነው ያልኩት በወር አደለም ከዚራ!!

ሱስ ለሚሉት እናት፦ ሱስ የሚያስይዝ ነገር የለውም። በሽታው ሲኖር መድሃኒቱ ይፈለጋል፣ መነፅር የሚያደርግ ሰው የመነፅር ሱሰኛ አይባልም። የሚሳበው ስቴሮይድ መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፣ እየተመላለሱ ከሚወጉት የዴክሳ መርፌ ጋር አይወዳደርም። ብቻ ከወሰደች በኋላ አፏን ትጉመጥመጥ፣ አለዛ አፍ ውስጥ ፈንገስ ያወጣል።

አወሳሰዱ ደግሞ፣ ወላሂ ከአስር ሰው ሁለቱ እንኳን በትክክል አይወስድም። ምላስ ላይ ይረጩትና ይውጡታል። ስፔሰር (ፓፉ ተሰክቶበት የሚሳብበት ባዶ እቃ) ካልተገኘ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል፣ ቂጡን ለፓፉ አፍ ልክ ቀዳችሁ ጥብቅ አርጋችሁ መሰካት፣ በሃይላንዱ አፍ መሳብ። ደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ሞክረውት ከተገዛው ጋር እኩል ሰርቷል። እኔ ለደንበኞቼ እቀዳላቸዋለሁ በነፃ።

መጋላ ነኝ
እኔ እኮ በሃይላንድ ሌላ ነገር የሚሰሩ ልጆች ነው የማውቀው 😂

ዲሞ ፋርማሲ
@መጋላ እሱንም እናውቃለን፣ ሺሻና አስም ላይ ደግሞ ሌላ ክር ክፈትልኝ።

ሰንበቴ
ጥቁር አዝሙድ በማር ጠዋት ጠዋት። እኔ ድኛለሁ።

ጁገል በር
@ሰንበቴ ብትወስጂው ማንም አይከለክልሽም፣ ፓፉን አስጥለሽ ግን ለሌላ ሰው አትዘዢ።

የሳቢያኗ እናት
አንድ ነገር ልጨምር፣ ሌሊት እንዳትነቃ ብዬ ክሎርፌኒራሚን ነበር የምሰጣት፣ ርካሽም ስለሆነ። ይጎዳል?

ዲሞ ፋርማሲ
አይገድልም ግን ለተፈታኝ አልመርጠውም። እንቅልፉ ጠዋትም አይለቅም። እንግሊዝ አገር ተፈታኞች ላይ አይተውታል፣ የአፍንጫ አለርጂያቸው ፈተና ሰሞን የተነሳባቸው ልጆች ከሙከራ ፈተናው ዝቅ ያለ ውጤት የማምጣት ዕድላቸው በ40 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ነበር፣ በላዩ እንዲህ ዓይነት የሚያስተኛ መድሃኒት ከወሰዱ በ70። በሎራታዲን ወይ በሴትሪዚን ቀይሪው (ሴትሪዚንም አንዳንዱን ትንሽ ያስተኛል፣ ማታ ትውሰደው)። አፍንጫዋ በጣም ከተዘጋ ደግሞ በአፍንጫ የሚረጨው ስቴሮይድ ነው ዋናው፣ ግን ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈልጋል ፈተናው ዋዜማ ላይ አትጀምሩ።

ሳምሪ 12ኛ ሲ
ዛሬ፣ ማታ 3:45

ሰላም። ልጅቷ እኔ ነኝ። እማዬ ስልኳን ትታ ሄዳ አየሁት፣ አካውንት ከፈትኩ።

አንደኛ ፈተና ፈርቼ አደለም @መጋላ። ሁለተኛ እማዬ ያልነገረቻችሁ አለ እሷም ስለማታውቀው። የየቀኑን ፓፍ እምቢ ያልኩት ሱስ ፈርቼ አደለም። 7ኛ ክፍል እያለሁ ስፖርት ክፍለጊዜ ላይ ፓፍ ሳወጣ ወንዶቹ እንደ ሞተር ሲር ሲር እያሉ ዓመት ሙሉ ቀለዱብኝ። ያኔ ለቆኛል ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ያኔም ሙሉ በሙሉ አለቀቀኝም ነበር፣ ስሮጥ ያፍነኛል፣ ስለዚ መሮጥ ተውኩ። ስፖርት ሲደርስ ወር አበባ ላይ ነኝ እያልኩ ስንት ጊዜ ቁጭ ብያለሁ መምህሩ ራሱ መቁጠር ሳይጀምር አይቀርም። አክስቴ ደግሞ ሰው ፊት አታውጪው ኋላ የሚያገባሽ ታጪያለሽ ብላኛለች። 13 ዓመቴ ነበር።

ጥያቄ አለኝ። ሐምሌ ላይ ለፈተናው ዩኒቨርስቲ ግቢ ገብተን ነው የምናድረው፣ አንድ ክፍል ብዙ ሆነን፣ ብርድ አገር ነው። እናቴ የለችም። ሌሊት ቢነሳብኝ ምን ላርግ?

ዲሞ ፋርማሲ
ሳምሪ እንኳን መጣሽ። ጥያቄሽ ከሁላችንም ይበልጣል።

የየቀኑን ከዛሬ ጀምሪ፣ ጥርስሽን ከመፋቅሽ በፊት ጠዋትና ማታ፣ ማንም አያይሽም፣ በዛውም አፍሽን ትጉመጠመጫለሽ። እስከ ሐምሌ ከወሰድሽው ሌሊት የመነሳቱ ዕድል በጣም ይቀንሳል። ሰማያዊዋ ኪስሽ ውስጥ ትሁን ሻንጣ ውስጥ አደለም። ከሐኪሙ አስም እንዳለብሽ የሚል ወረቀት አጽፊና ፍተሻ ላይ አሳዪ። አጠገብሽ የምትተኛዋን አንዷን ልጅ ንገሪያት፣ አንዷን ብቻ። ብርዱ ላይ በአፍንጫሽ ተንፍሺ፣ አፍሽን በሻርፕ ሸፍኚ። ሰማያዊዋን ወስደሽ ካልሻለሽ፣ ወይ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርሺ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ የግቢውን ክሊኒክ አስነሻቸው።

ጁገል በር
በዛ ላይ መሮጡን ተመለሺበት። ከመሮጥሽ ሩብ ሰዓት በፊት ሰማያዊዋን፣ ከዛ ቀስ ብለሽ አሟሙቂ። የየቀኑ መድሃኒት ከያዘሽ ጭራሽ ላያስፈልግሽም ይችላል።

መጋላ ነኝ
ሳምሪ ይቅርታ እሺ። ወላሂ እኔም 7ኛ ክፍል እያለሁ እንደ ሞተር ከሚሉት ውስጥ ሳልሆን አልቀርም፣ ሌላ ትምህርት ቤት ቢሆንም።

ሳምሪ 12ኛ ሲ
😂 ችግር የለም። ሃይላንዱን ዲሞ ጋ መጥቼ ነው የማስቀዳው ወይስ ቤት ይቻላል?

ዲሞ ፋርማሲ
ይቻላል። የፓፉን አፍ ቂጡ ላይ አስቀምጠሽ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምሪ፣ በምላጭ ቁረጪው፣ ዳሩን በፕላስተር ዝጊው። በሳሙና አጥበሽ ሳትወለውዪ አየር ላይ ይድረቅ።

የሳቢያኗ እናት
ዛሬ፣ ማታ 4:20

ምላጩን እኔ ነኝ የምይዘው። ሳምሪ ስልኩን አስቀምጪና ነይ፣ አክስትሽንም ነገ እኔ አነጋግራታለሁ።